ወፏ የቆመችበት ቁጥር

መስከረም 14፣ ሰኞ

በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ «አስተያየት» የሚለው ዓምድ ስፋቱ ሁለት ጣት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ውሃው ደፍርሷል»፣ «ግንድ አልፏል» እያልኩ ጽፌበታለሁ። የዛሬው ግን እዚያ አይገባም። ስለዚህ ይህን ደብተር ገዛሁ።

የባለቤቴ ታላቅ እህት እቤታችን ገባች። «ለጥቂት ጊዜ» ነው የተባለው። ለጥቂት ጊዜ የመጣ ሰው ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍና ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ይዞ አይመጣም። ሠላሳ አምስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች፤ የተከራየችበትን ቤት ባለቤቶቹ ሸጡት። ባለቤቴ «እትዬ» ስለምትላት እኔም እትዬ እላታለሁ፣ ፊት ለፊት አንቱ እያልኩ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው፤ አንቱታ የለም።

የሰጠናት ክፍል የኔ ነበር። የማጥመጃ ዘንጎቼ፣ የክር ጥቅሎቼ፣ የመንጠቆ ሣጥኔ ሁሉ ኮሪደር ላይ ወጥተው፣ ከቤት እንደተባረረ ሰው ግድግዳ ተደግፈዋል።

ጠዋት 1.31። ማታ 1.30።

መስከረም 16፣ ረቡዕ

እራት ላይ «ሥራህ በትክክል ምንድን ነው?» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእህቷ ባል ሆኜ ዛሬ ጠየቀችኝ!

ነገርኳት። በድልድዩ ምሰሶ ላይ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ተቸንክሯል፣ በየሳንቲ ሜትሩ የተሰመረ። ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወርጄ ውሃው የደረሰበትን አነባለሁ፣ ለቢሮ እደውላለሁ። ቢሮው ታች ላሉት ይነግራል፤ አሸዋ ጫኞቹ ወደ ወንዙ የሚገቡት በኔ ቁጥር ነው።

«ወደ ወንዙ የምትወርድበት ደረጃ ስንት ነው?»

«ሰማንያ ስምንት።»

«እ...» አለች። ያቺን «እ» አልወደድኳትም።

ደረጃው ላይ ቅጠል ወድቆ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ይጠረግ ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ሰሚ የለም። በመኸር ወንዙ መንገዱን ያውቃል፣ በቀን ሁለት ሳንቲ ይቀንሳል፣ አንዳንዴ አንድ። ሃያ ሁለት ዓመት ያነበበ ሰው ይህን በልቡ ያውቀዋል። እያንዳንዱን ጊዜ ካልወረድክ ብሎ የሚያስገድድ ካለ ራሱ ይውረድ።

ጠዋት 1.27። ማታ 1.26።

መስከረም 20፣ እሑድ

ከድልድዩ በላይ፣ ሜዳ ለሜዳ አሥር ደቂቃ ተሂዶ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ጥልቅ ቦታ አለ። የኔ ቦታ ነው። በዚህ ወቅት ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከላይ ቢጫ ቅጠል ይወርዳል፤ ዓሣው ሊበላው ብቅ ይልና ቅጠል መሆኑን ሲያውቅ ተናዶ ይመለሳል። ክሬ ላይ ያሰርኩት ቡሽ ውሃው ላይ ይወዛወዛል። ከዓመቱ ውስጥ ሰው ሳያናግረኝ የምቀመጠው እነዚህን ሳምንታት ብቻ ነው።

ዛሬ ቀና ስል እትዬ! እስከ ጉልበቷ በሚደርስ ቦት ጫማ፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

«አይዞህ፣ አላወራህም» አለች። ከዚያ ለአንድ ሰዓት አወራችኝ።

የፈለገችው ወፍ ነው። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ የዛገ ብረት የሚመስል፣ ምንቃሯ ከጭንቅላቷ የሚረዝም ወፍ አለች። ዓሣ አጥማጅ ናት፣ እንደኔው። ታድያ የት ብትቀመጥ ጥሩ ነው? በመለኪያ ሰሌዳዬ ጫፍ ላይ። እትዬ ጠዋት እዚያ እንዳገኘቻት ስትነግረኝ ልጅ እንደተወለደላት ሴት ፊቷ በራ። «በየቀኑ እመጣለሁ» አለች። «ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ። አንተም እኮ በዚያ ሰዓት እዚያ ነህ፣ አብረን እንወርዳለን።»

እኔ ሰዓቴ ይለያያል አልኳት።

«ጠዋት አንድ ሰዓት አላልከኝም?»

ዓሣ ነከሰ ብዬ ዞርኩ። አልነከሰም።

መስከረም 23፣ ረቡዕ

1.15። 1.14። ቸኩያለሁ። የመንጠቆ ሣጥኔን ኮሪደር ላይ ረግጣዋለች። ረገጥኩት እንኳ አላለችም።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይላሉ። ስለ ዐሥረኛው ቀን የተናገረ የለም።

መስከረም 29፣ ማክሰኞ

የአሸዋ ጫኞቹ አለቃ ቤቴ ድረስ መጣ። ሁሉም አካፋ ነው የሚለው፤ እጁም አካፋ ያክላል። በር ላይ ቆሞ፣ ባለቤቴ እየሰማች፣ «ትናንት አንድ ሜትር ከአምስት ብለህ ልጆቼን አስገባኋቸው፤ ወገባቸው ጋ ደረሰ። ቁጥርህ ምን ነካው?» አለኝ።

«የቆሙበት ጉድጓድ ቢሆንስ?»

«ወንድሜ፣ እዚያ አሸዋ ሳወጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጉድጓዱንም እኔ ነኝ የቆፈርኩት።»

ሸኘሁት። ዋሸህ ሊለኝ ምንም አልቀረውም! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኔ ግን አልወደቅሁም።

ባለቤቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ አየችኝ። መኪናዋ ዝም ሲል ነው የምፈራው።

ጥቅምት 3፣ ቅዳሜ

ኮሪደር ላይ ክር ስጠቀልል ከወጥ ቤት ሰማሁ። የሌላ ሰው ወሬ ላዳምጥ ብዬ አይደለም፤ ከክፍሌ ያባረሩኝ እነሱ ናቸው፣ ሌላ የት ልቀመጥ?

እትዬ፦ «ደረጃ ሲወጣ አይተሽዋል? በየአሥሩ ይቆማል።»

ባለቤቴ፦ «አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«እሱን? ግድግዳውን ብነግረው ይሻለኛል።»

«ሥራውን ቢተው...» ከዚያ ውሃ ተከፈተና የቀረውን አልሰማሁም።

አልሰማሁም እንጂ ገብቶኛል። መጀመሪያ ክፍሌን፣ ቀጥሎ ወንዜን፣ አሁን ደግሞ ሥራዬን። የምቆመው ደረጃው ስለሚያንሸራትት ነው። ጤነኛ ሰውም ይቆማል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዚህች ሴት ነው።

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ከድልድዩ ላይ ሆኜ አየኋት። እትዬ ታች የመጨረሻው ደረጃ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ካሜራዋን ሰሌዳው ላይ አነጣጥራ፣ እንደ ድንጋይ ረግታለች። ወፏ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ነበረች። ፀሐይዋ ጀርባዋ ላይ ስታርፍ ሰማያዊው ይነድዳል። እኔ እንኳ ከላይ ሆኜ ትንፋሼን ያዝኩ።

ከዚያ ጠጠር አነሣሁና ወረወርኩ።

ወፏን አላገኘኋትም፤ ውሃውን ነው ያገኘሁት። ጭልጥ ብላ ሄደች። እትዬ ቀና ብላ አየች። ከግንቡ ኋላ ተደበቅሁ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ድልድይ ላይ ቁጢጥ ብሎ እንደ ሌባ ሲደበቅ! ከተቀመጥኩበት ለመነሣትም ጊዜ ወሰደብኝ፤ የግንቡን ብረት ይዤ ነው የተነሣሁት።

እትዬን ብመታት ይሻል ነበር። ወፏ ምን አደረገችኝ?

0.99። 0.98።

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ወፏ የለችም። 0.97።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

ዛሬ ወፏ ተመለሰች አሉ። እሰየው። ለሌላ ምክንያት አይደለም፤ እትዬ ቤት ውስጥ ስታኮርፍ አየሩ ይከብዳል።

እኔ ደግሞ አምባዛ ያዝኩ። ክንዴን የሚያክል! ሃያ ደቂቃ ታገለኝ። ክሩን ስለቅለት ይጎትታል፣ ስጠቀልል ይሰጥማል፤ ውሃው ጠርቷልና ጢሙን ሳይቀር አየዋለሁ። ቀስ ብዬ ወደ ጥልቁ ዳር አወጣሁት። ሰው ቢጠይቀኝ በዓመት አንድ ቀን እንደዚህ ካገኘሁ ይበቃኛል።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ከኋላዬ ነበረች።

ማታ ፎቶውን ላፕቶፗ ላይ አሳየችኝ። የውሃው ፍንጣቂ አየር ላይ ቆሟል፤ እጆቼ ረጥበው፣ ዓሣው ብር ሆኖ፣ ከኋላ ቢጫው ቅጠል ሁሉ ተበትኖ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የምቀመጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጥሩ ነው ልላት አፌን ስከፍት፣

«አየህ፣ አንድ እግርህ ላይ ብቻ ነው የቆምከው» አለች። «ግራውን አንጠልጥለኸዋል።»

«እርስዎ ወፍዎን ያንሱ!» ብዬ ተነሣሁ። ባለቤቴ ዓሣውን እያጠበች ነበር፤ አንገቷን አላዞረችም።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

የቢሮው ኢንጂነር ደወለ። ልጅ እግር ነው፣ ነገር ግን ጨዋ። «ቁጥርዎ በጣም ቆንጆ ነው፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው» አለኝ። እያመሰገነኝ ይሁን እየወጋኝ አላወቅሁም። ከዚያ፣ «በዚህ ዓመት በራሱ የሚያነብ መሣሪያ ሊተከል ታስቧል፤ ሰሌዳው አጠገብ ያለውን የግንብ ስንጥቅ አይተውት ነበር?»

«አይቻለሁ» አልኩ።

«እንዴት ነው?»

«እንደነበረው ነው።»

ስንጥቅ መኖሩንም አላውቅም።

0.85። 0.85። (በቀን ሁለት እየቀነሰ መሄዱ ከመጠን በላይ ቆንጆ ከሆነ፣ አንድ ቀን ይቁም።)

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

ደኅና ነች። እትዬ ደኅና ነች። ነገ እጽፋለሁ።

1.48። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ቁርስ ላይ ነው የጀመረው። እትዬ፣ «ዛሬ ስንት ነው?» አለችኝ። ከሰሌዳው ፊት ለፊት ወንዙ መሃል ወዳለው የጠጠር ደሴት ልትሻገር ፈልጋለች፤ ከዚያ ሆና ብታነሣት ወፏ ከነሰሌዳዋ ፊት ለፊት ትገባላታለች። መሻገሪያ ድንጋዮቹ ከሰማንያ አምስት በታች ሲሆን ይታለፋሉ። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ሰማንያ ሁለት» አልኳት፣ ዳቦዬን እያኘኩ። አልወረድኩም ነበር። እንዲሁ ከሰማንያ ሦስት ቀጥሎ የሚመጣው ሰማንያ ሁለት ስለሆነ ነው።

«ትናንት ማታ ድንጋዮቹ ረጥበው ያየሁ መሰለኝ» አለች።

«ታዲያ የእርስዎ ዓይን ይበልጣል ወይስ ቁጥሩ?»

ሳቀች። «ሠላሳ አምስት ዓመት ቁጥር እመኑ እያልኩ አስተምሬ ዛሬ አልክድም» ብላ ቦት ጫማዋን አደረገች።

ወደ ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ቡሹ መሄድ በማይገባው በኩል ሄደ። ውሃው ከዳር መደፍረስ ጀመረ። ቀጥሎ እንጨት መጣ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ቀጥሎ ከነሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦ። ላይኛው አገር ሌሊቱን ዘንቧል። ጠዋት ወርጄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት መጨመሩን አይ ነበር፤ በመኸር መጨመር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሮጥኩ ማለት እፈልጋለሁ። አልሮጥኩም። እግሬን እየጎተትኩ፣ ዘንጌን እንደ ምርኩዝ እየተደገፍኩ ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ደሴቱ ግማሽ ሆኗል። እትዬ አንዷን የአኻያ ዛፍ አቅፋ፣ የካሜራ ቦርሳዋን አናቷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር። ድንጋዮቹ የሉም።

በወዲያኛው ዳር የአካፋ መኪና ቆሟል። ጠዋት ሞተሩ እምቢ ብሎት ሲጠግኑ ነው ያረፈዱት። ጮህኩ። አካፋ ሁሉንም አንድ ጊዜ አይቶ ገባው፤ በድልድዩ ዞሮ፣ የናይለን ገመድ ተሸክሞ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር መጣ። ግን ገመዱ ከባድ ነው፤ ቢወረውሩት ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ውሃው ይወስደዋል። አንዱ ሊዋኝ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። አካፋ በጥፊ አስቀመጠው።

ያኔ ለማጥመጃ ክብደት ካለኝ እርሳስ ትልቁን ክሬ ላይ አሰርኩ። ደረጃውን ወረድኩ። ሰማንያ ስምንቱንም። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ አካፋ «በቂጥህ ነው የወረድከው» ይለኛል። መጀመሪያ ስወረውር አጠረ። ሁለተኛው ነፋስ ወሰደው። እትዬ ዛፏን አቅፋ ታየኛለች፤ አትጮህም፣ አታለቅስም፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ታየኛለች። ሦስተኛው ከዛፏ ቅርንጫፍ ጋር ተጋጭቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«አንቺ! ክሩን ያዥ! ሳብ ሳብ አታድርጊው፣ ቀስ!»

አንቺ አልኳት። አሁን ሳስበው ነው እንጂ ያን ጊዜ አላወቅሁትም።

በእኔ በኩል ያለውን ክር ቆርጬ ከገመዱ ጫፍ ጋር ቋጠርኩ። እሷ ስትጎትት፣ እኔ ገመዱን ስለቅ፣ ስትጎትት፣ እኔ ስለቅ፤ ያ ክር ዓሣ እንጂ ገመድ ሊጎትት አልተሠራም፣ ቢበጠስ ሁለተኛ የለኝም። ደረሰላት። ገመዱን ዛፏ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ አሰረች። አካፋና ሰዎቹ በዚህ በኩል ወጥረው ያዙላትና ገመዱን በብብቷ ይዛ ወደኛ መሻገር ጀመረች። ውሃው ደረቷ ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ጠፋች። አካፋ እስከ አንገቱ ገብቶ በኮቷ ኮሌታ ጎትቶ አወጣት።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ውሃ ተፋች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰማንያ ሁለት» አለች።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

ባለቤቴ ኩራቷ ሌላ ነው። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ «በማጥመጃ ክር ሰው አወጣ» ይላል። ጉልበቴ እንደ ዱባ አብጦ ተኝቻለሁ፤ «ሲያወጣት የተጎዳው» ይሉታል። እኔም እንደዚያ ሲሉ ዝም አልኩ።

እትዬ ሾርባ ታመጣልኛለች። አስቀምጣ ትወጣለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

እትዬ ገባች። በሩን ዘጋች። ላፕቶፗን አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«ቁጥሩን አይቼው አላውቅም ነበር» አለች። «ወፏን ነበር የማየው። ከወንዙ ካወጣችሁኝ በኋላ ነው ያየሁት።»

ወፏ፣ ከሥሯ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ሥር ውሃው። ፎቶው ላይ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል። መስከረም 28፣ ጠዋት፣ 1.18፤ እኔ ለቢሮ የሰጠሁት 1.05 ነበር። ጥቅምት 6፣ ወፏ ስትነሣ፣ ክንፏ ተዘርግቶ፣ 1.07። ጥቅምት 19፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ልትሻገር ስትል ያነሣቻት፣ 0.91። ሠላሳ አንድ ፎቶ። የኔ ቁጥር ከወንዙ ጋር የገጠመው በአራቱ ብቻ ነው።

«ማን አየው?» አልኳት።

«እኔና አንተ።»

«ምን ፈለግሽ?»

በንጹሕ እጅ ጽሑፍ የጻፈችውን ወረቀት ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ትክክለኛ ቁጥር። «እኔ ልገደል ነበር» አለች። «ስለዚህ ይቅርታ አላደርግልህም፣ እንዳትጠብቅ። እህቴ ግን አንተን ስታይ ደስ ይላታል። የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ።»

ጠላኋት። ከመጣችበት ቀን ይበልጥ ጠላኋት። ብትጮህ እጮህባት ነበር። ወረቀቱን ፍራሹ ሥር ከተትኩት።

ጥቅምት 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት አካፋ መጣ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ፣ ኮፍያውን አውልቆ። እንደዚያ ትልቅ ሰው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

«በዚያ ሰሞን በር ላይ የተናገርኩህን ይቅር በለኝ» አለ። «ሰው ለማውጣት ሊሞት የደረሰ ሰው ቁጥር አይዋሽም። ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሱ ቁጥር መሐላችን ነው፣ ግቡ ካለ እንገባለን።»

ስድስት ናቸው። ያን ሰኞ መኪናው ባይበላሽ ሁሉም ውሃው ውስጥ ነበሩ፣ በኔ ሰማንያ ሁለት።

አካፋ ሲወጣ ብርቱካኑን ማየት አቃተኝ። ስልኩን አነሣሁ። ባለቤቴ ቁልፍ እየሰፋች አጠገቤ ነበረች፤ ውጪ አላልኳትም።

«ኢንጂነር፣ ከሰኔ ወዲህ ከሰጠሁዎት ቁጥር የበዛው የፈጠራ ነው።»

«የፈጠራ ማለት?»

«ወርጄ አላየሁትም። ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

«ለምን?» ድምፁ እንደ ባለሥልጣን አልነበረም፤ የደነገጠ ልጅ ድምፅ ነበር።

«ጉልበቴን ያመኛል። ደረጃውን መውረድ አልችልም። ከወረድኩም መውጣት አልችልም።»

ተናግሬው አላውቅም ነበር። እዚህ ደብተር ላይም አልጻፍኩትም፤ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፣ ቅጠል ነው የጻፍኩት።

ስዘጋ ባለቤቴ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ አስቀመጠች። የምትቆጣው ስለ ቁጥሩ መስሎኝ ነበር።

«በአንድ አልጋ ነው የምንተኛው» አለች። «በአንድ አልጋ! ሌሊት ስትገላበጥ ጥርስህን ስትነክስ እሰማለሁ፤ ነገ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እላለሁ። ለማያውቅህ ልጅ በስልክ ነገርከው።» ተነሥታ ወጣች። ማታ ለእኔ ሳህን አላቀረበችም። እትዬ ናት ያቀረበችው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ከቢሮ ደብዳቤ መጣ። ከንባብ ሥራ ታግጃለሁ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ቤቴ እቆያለሁ። የጠበቅሁት ነው። ከፍራሹ ሥር አውጥቼ የላክሁላቸውን የእትዬን ቁጥሮች «ከፎቶግራፍ የተገኘ» ብለው መዝግበዋቸዋል።

ያልጠበቅሁት ሁለተኛው አንቀጽ ነው። መሣሪያው እስኪተከል በጊዜያዊነት የሚያነብ ሰው ተመድቧል። እትዬ! ኢንጂነሩ ለካ የድሮ ተማሪዋ ነው። ደውሎላት «ቲቸር፣ እርስዎ ሁልጊዜ እዚያው ነዎት» ብሏታል። እሷም እሺ ብላዋለች፣ እኔን ሳትጠይቅ።

«ከስንቱ ሰው መርጠሽ የኔን ትወስጃለሽ?» አልኳት።

«ከሰጡኝ ምን ላድርግ? ለወፏ እንደሆነ ሁልጊዜም እወርዳለሁ።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ቁጥር ነው እኮ።»

ቁጥር ነው እኮ! በሬን ዘጋሁባት። ከዚያ በሩ የሷ ክፍል በር መሆኑን አይቼ ከፍቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ለኔ ሳይሆን በኔ። ነገ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ሐኪሙ የጉልበቴን ራጅ አይቶ «እስካሁን በዚህ ነው የምትራመደው?» አለ። መድኃኒትና ምርኩዝ ሰጠኝ። ደረጃ ከለከለኝ።

ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆሜ አየኋት። ውርጭ ነበር፤ ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ዛፎቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል። እትዬ ታች ወርዳ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ከሩቅ አይታ ልትጽፍ!

«ቆመሽ አይነበብም!» ብዬ ጮህኩ። «ወደ ውሃው ውረጂ! ሦስት ሞገድ እስኪያልፍ ጠብቂ!»

«አልሰማህም! ወርደህ አሳየኝ!»

ሰምታኛለች። ወረድኩ፣ ሐኪሙ ያለውን ሆን ብዬ እየረሳሁ። ምርኩዙ ቀድሞ፣ ቀጥሎ ጥሩው እግር፣ ቀጥሎ መጥፎው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። እትዬ አልመጣችም፣ እጄን ልያዝ አላለችም፣ ካሜራዋንም አላነሣችም። መዝገቡን ደረቷ ላይ ይዛ ጠበቀችኝ።

«ሰባ አንድ ነው» አለች ስደርስ።

ከቆምኩበት አየሁ። «ሰባ ሁለት ነው።»

«ሰባ አንድ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ያነበብኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ትከሻዋን ነቀነቀችና ሰባ ሁለት ብላ ጻፈች። የጻፈችውን አየሁት። የሚያምር ሁለት ነበር፣ የአስተማሪ ሁለት። ዝም ብል ያልፍ ነበር።

ምርኩዙን አስቀመጥኩና እርጥቡ ደረጃ ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ በክርኔ ተደግፌ ፊቴን ወደ ውሃው አወረድኩ። አንድ ሞገድ። ሁለት። ሦስት።

«ሰርዢው» አልኳት። «ሰባ አንድ ነው።»

ሰርዛ ጻፈች። ብቻዬን መነሣት ስላልቻልኩ እጄን ዘረጋሁላት።